አርባ ሰባት መስመር ከካርቱም

ጥሩ እጅ የጻፈው ስፔክ ፋይል ገና ሲከፈት ይታወቃል። በግራ በኩል መለያዎቹ ቁልቁል ተሰልፈዋል፦ ኔም፣ ቨርዥን፣ ሪሊስ፣ ሰመሪ፣ ላይሰንስ፣ ሶርስ። ከእያንዳንዱ መለያ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አለ። ከሁለት ነጥቡ ወዲያ መልሶቹ በአንድ ልክ፣ ሸማኔ እንደ ወጠረው ድር ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ኮምፒውተሩ ይህን አሰላለፍ አይፈልገውም። አንድ ባዶ ቦታ ቢተውለት፣ አሥር ቢተውለት ለእሱ ያው ነው። ጸሐፊው የደከመው ነገ ፋይሉን ለሚከፍተው ሰው ዓይን ብሎ ነው።

አሁን ፊቴ የተከፈተው ፋይል 47 መስመር አለው። የተጻፈው ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ የትርጉምና የኅትመት ሥራ እንሠራባት በነበረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። በሕይወቴ ብዙ የተዋጣላቸው የእጅ ሥራዎች አይቻለሁ፤ የላሊበላን መስቀል ከቅርብ አይቻለሁ፣ የመንዝን በርኖስ ለብሻለሁ። ይህችን አጭር ጽሑፍ ከእነሱ ጎን ሳስቀምጣት አላፍርም። ለምን እንደሆነ መስመር በመስመር ላሳያችሁ።

ሊኑክስ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ዓለም አንድ ሶፍትዌር ከደራሲው እጅ ሲወጣ ገና ጥሬ ነው። ምን ላይ እንደሚጫን፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚያስፈልገው፣ ሲወገድ ምን ይዞ እንደሚሄድ የሚወስን ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ ባለሙያ ጥሬውን ዕቃ ተቀብሎ ማንም ሰው በአንድ ትእዛዝ የሚጭነው፣ በአንድ ትእዛዝም የሚያነሳው ፓኬጅ ያደርገዋል። አርፒኤም የተባለውን የፓኬጅ ዘዴ ማርክ ዩዊንግ እና ኤሪክ ትሮን እ.ኤ.አ. በ1995 ሬድ ሃት በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ጻፉት። ዛሬ ፌዶራ፣ ሬድ ሃትና ኦፕንሱሴ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የሚሠሩት በእሱ ነው። ስፔክ ፋይል ማለት ለዚህ ዘዴ የሚጻፈው መመሪያ ነው። ጥሬው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሰናዳ፣ እንዴት እንደሚገነባ፣ የትኛው ፋይል የት እንደሚያርፍ እና በየጊዜው ምን እንደተለወጠ በተራ ይናገራል።

ካርቱም ለዚህ ሙያ አስቸጋሪ ከተማ ነበረች። አሜሪካ በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ የታወጀው እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1997 ነው። የፌዶራ የኤክስፖርት ማሳሰቢያ የሱዳንን ስም ከኩባ፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮሪያና ከሶርያ ጋር ይዘረዝር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሶርስፎርጅ፣ በዚያን ዘመን የነጻ ሶፍትዌር ትልቁ ጎተራ፣ ለእነዚሁ አገሮች በሩን ዘጋ። የባንክ ካርድ ስለማይሠራ ማንም ሰው የሶፍትዌር ፈቃድ ገዝቶ መክፈል አይችልም ነበር። ስለዚህ በሱቃችን የነበሩት ስድስት ማሽኖች በሙሉ ሊኑክስ ነበሩ፤ ሊኑክሱም የመጣው በሰው እጅ፣ በፍላሽ ነው። ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋ ነበር። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ በሩን ዘግተን፣ ማሽኖቹን በጨርቅ ሸፍነን እንቀመጥ ነበር።

ይህን ሙያ ያስተማሩኝ የኦምዱርማን ሰው ናቸው። በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። እኔ በከተማው ደንብ «ያ ባሽሙሃንዲስ»፣ መሐንዲስ ሆይ፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ሲደሰቱ «ያ ዞል»፣ አንተ ሰው፣ ሲቆጡ «ያ ሐበሺ» ይሉኛል። አማርኛ አያነቡም ነበር። ሆኖም የአማርኛ ፊደል በስድስቱም ማሽን ላይ በትክክል እንዲታይ ያደረገውን ፋይል አብረውኝ የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ችግራችን ቀላል ይመስል ነበር። ዴም ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ሰፈር ስለነበረ ደንበኞቻችን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ ይዘው ይመጡ ነበር። እኛ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ እንመልስ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ነገር ግን ለፊደሉ ቁጥር መሰጠቱ ብቻውን ስክሪን ላይ አያሳየውም፤ ቅርጹን የሚሥል ፎንት ማሽኑ ላይ መኖር አለበት። በእጃችን ባለው ዲስክ ውስጥ ጥሩ የአማርኛ ፎንት ስላልነበረ በእጅ እየገለበጥን እንጭን ነበር። አንዱ ማሽን ላይ አንድ እትም፣ ሌላው ላይ ሌላ እትም ይሆናል። ትናንት ያማረ ገጽ ዛሬ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት መስመሩ ይሰበራል።

አንድ ቀን ባሽሙሃንዲሱ የተገለበጠ የፌዶራ ዲስክ አምጥተው ሰናምርምር ዋሽራ የተባለውን የፊደል ፓኬጅ ከፈቱልኝ። የሰናምርምር ፕሮጀክት ያዘጋጃቸው ፊደሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ንዑስ ፓኬጅ ተሰጥቷቸዋል፦ ጅረት፣ ጥንት፣ ዘላን፣ ይገዙ ብሥራት። ዋሽራ ሲባል ለእኔ ትዝ ያለኝ የጎጃሙ የቅኔ ቤት ዋሸራ ነው። የአገሬን ስም የማላውቀው ሰው በርቀት ተቀምጦ እንዲህ በሥርዓት ሲያኖረው አይቼ ዝም አልኩ። አቢሲኒካ የተባለው የኤስ አይ ኤል ድርጅት ፊደልም እንዲሁ በፌዶራ ውስጥ የራሱ ስፔክ ፋይል አለው። «እኛም እንደዚህ እንጽፋለን» አሉ ባሽሙሃንዲሱ። ጻፍን።

የእኛ ፓኬጅ ሦስት ነገር ይዟል፦ ፎንቱን፣ ለአማርኛ የትኛው ፎንት እንዲቀድም የሚያዘውን አጭር የማዘዣ ፋይል፣ እና በላቲን ቁልፎች አማርኛ የሚያስጽፈውን የቁልፍ ሰንጠረዥ። ከእነሱ ጋር የፈቃዱ ጽሑፍ አለ።

የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ደንብ ጥሬው አይነካም ይላል። የቁልፍ ሰንጠረዡ በሴራ ዘዴ የተሠራ ነው። በሴራ ሠ ወይም ኀ ለመጻፍ ከሆሄው በፊት አንድ ትንሽ ምልክት መምታት ያስፈልጋል፤ ያ ምልክት ለጸሐፊዎቻችን እጅ አልመች አለ። እኔ ሰንጠረዡን ከፍቼ ላርመው ስል ባሽሙሃንዲሱ እጄን ያዙ። ደራሲው የላከው እንደተላከ፣ አንድ ነጥብ ሳይጎድል ይቀመጣል። የእኛ እርማት ፓች በሚባል ሌላ ፋይል ይጻፋል፤ «ይህ መስመር ይውጣ፣ ይህ መስመር ይግባ» የሚል ጥቂት መስመር ነው። ስፔክ ፋይሉ %ፕሬፕ በሚባለው ክፍል ጥሬውን ይፈታል፣ ፓቹን በላዩ ላይ ያውላል። የብራና ጸሐፊዎቻችንን አስታወሰኝ። የተዘለለ ቃል ሲገኝ ገጹን አይፍቁትም፤ ምልክት አድርገው ቃሉን በኅዳጉ ይጽፉታል። አንባቢው የመጀመሪያውንም እርማቱንም ያያል፤ የማን እጅ የቱ እንደሆነ ይለያል። እኛ የጨመርነው ከእኛ፣ እነሱ የሠሩት ከእነሱ ይቆጠራል።

ሁለተኛውን ደንብ የተማርኩት በጥፋት ነው። %ኢንስቶል የሚባለው ክፍል ፋይሎቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል፤ የሚያስቀምጣቸው ግን እውነተኛው ማሽን ላይ ሳይሆን ቢልድሩት በሚባል ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ ልክ ባዶ ማሽን እንደሆነ አድርጎ ነው። ከዚያ ባዶ ቤት ውስጥ የተገኘው ተጠቅልሎ ፓኬጅ ይሆናል። እኔ በአንዱ መስመር ላይ የቢልድሩቱን ስም ረሳሁ። ይባስ ብዬ ግንባታውን ያስኬድኩት በሩት፣ ማለትም ሁሉ በሚፈቀድለት ተጠቃሚ ስም ነው። የማዘዣ ፋይሉ በፓኬጁ ፈንታ በራሱ በማሽኑ ላይ አረፈና የነበረውን ደመሰሰ። ጠዋት አንዲት እናት የልጃቸውን የጥምቀት ወረቀት ሊቀበሉ ሲመጡ ከማተሚያው የወጣው ገጽ ከዳር እዳር ሳጥን ሳጥን ነበር። ባሽሙሃንዲሱ አልጮሁም። «ያ ሐበሺ፣ ዕቃውን ሳጥን ውስጥ ክተት ብልህ ቤት ውስጥ ደረደርከው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩት ስም ገንብቼ አላውቅም። በፋይሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የ%ኢንስቶል መስመር የሚያመለክተው መድረሻ በቢልድሩት ይጀምራል፤ አሁንም ሳነበው እያንዳንዱን በጣቴ እነካዋለሁ።

በዚያው ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል እስከ ዛሬ ታስደስተኛለች። ፋይል የሚያስቀምጠው ትእዛዝ ሲጻፍ «ፒ» የምትባል ምልክት ይታከልበታል። ሥራዋ ፋይሉ የተሠራበትን ቀን እንዳለ መጠበቅ ነው። እሷ ከሌለች ፎንቱ እኛ ፓኬጅ ባደረግንበት ደቂቃ የተፈጠረ ይመስላል። እሷ ካለች ግን የፊደሉ ሠራተኛ ሥራውን የጨረሰበት ቀን እንደተከበረ ይኖራል። ብትቀር ማንም አይጠይቅም፣ ምንም አይበላሽም። ባሽሙሃንዲሱ ግን አንድም ጊዜ አልረሷትም።

ከዚያ %ፋይልስ ይመጣል። በንብረት ክፍል የሠራ ሰው ይህን ክፍል ወዲያው ይወደዋል። በመዝገቡ የተጻፈ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ከሌለ ግንባታው ይቆማል። መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ በመዝገቡ ካልተጻፈም ይቆማል። «ተጭኖ ያልታሸገ ፋይል ተገኝቷል» ብሎ ስሙን ይጠራል። ቆጠራው በሁለቱም በኩል ካልገጠመ ፓኬጅ የለም። ብልሃተኛ ነኝ ባይ እዚህ ላይ አንድ ኮከብ ምልክት አስቀምጦ «ያለው ሁሉ ይግባ» ሊል ይችላል፤ ይሠራለታልም። የእኛ ፋይል ግን እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል። የፈቃዱ ጽሑፍ እንኳ እንደ ማንኛውም ሰነድ አልተቆጠረም፤ ፈቃድ መሆኑ ተለይቶ ተጽፏል። ፎንቱ የሚያርፍበትን ፎልደርም «የእኔ ነው» ብሎ ያስመዘግባል። ይህ ካልተጻፈ ፓኬጁ ሲነሳ ባዶው ፎልደር ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ሲወጣ ደጁን ጠርጎ የሚሄድ እንግዳ ይመስለኛል።

በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ከማዘዣ ፋይሉ ስም ፊት «%ኮንፊግ» የሚል ቃል፣ ከእሱም ጋር በቅንፍ «ኖሪፕሌስ» የሚል አለ። ትርጉሙ፦ የማሽኑ ባለቤት ይህን ፋይል በእጁ ለውጦት ከሆነ፣ አዲስ እትም ሲመጣ አትንካበት። አዲሱ አርፒኤምኒው የሚል ቅጥያ ተሰጥቶት ጎን ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሲፈልግ አይቶ ይመርጣል። በሱቃችን የነበሩ አንድ አንጋፋ ጸሐፊ ጥቅጥቅ ያለ ፊደል ዓይናቸውን ስለሚያደክም በራሳቸው ማሽን ላይ ቀጠን ያለውን አስቀድመው ነበር። ፓኬጁን አሻሽለን በስድስቱም ማሽን ላይ ስንጭን የእሳቸው ምርጫ እንደነበረ ቆየ። አዲሱ ፋይል ጎኑ ተቀመጠ፤ የፎንት ሥርዓቱም የሚያነበው ስሙ በቁጥር ጀምሮ በኮንፍ የሚያልቀውን ብቻ ስለሆነ ሁለቱ አልተጋጩም። ጸሐፊው ምንም አላወቁም። ሥራው የተዋጣው እሳቸው ባለማወቃቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካርቱም ውስጥ በግንባታ መካከል ኢንተርኔት መጠየቅ አይቻልም ነበር። መስመሩ ይቆረጥ ነበር፣ በሩም ዝግ ነበር። ስለዚህ ባሽሙሃንዲሱ «ግንባታው ሲጀመር የሚያስፈልገው ሁሉ አጠገቡ ይኑር» ይሉ ነበር። ጥሬው፣ ፓቹ፣ የሚፈልጋቸው ሌሎች ፓኬጆች በሙሉ ቢልድሪኳየርስ በሚለው መለያ ስር በስማቸው ይጻፋሉ። የረሳነው እንዳለ ለማወቅ ሞክ በሚባል መሣሪያ እንፈትናለን። ሞክ ከመሠረታዊው በቀር ምንም የሌለበት አዲስ ሥርዓት ያቆምና በዝርዝሩ የተጻፉትን ብቻ አስገብቶ እዚያ ይገነባል። የእኔ ማሽን ላይ ቀድሞ ስለነበረ ብቻ ሳይታወቅ ያገለገለኝ ነገር እዚያ ውስጥ አይገኝም፤ ጉድለቱ ወዲያው ይጋለጣል።

እኔ ይህን የድሃ አገር ብልሃት አድርጌ ነበር የማየው። በኋላ የፌዶራን ደንብ ሳነብ ያው ሆኖ አገኘሁት። እዚያም ግንባታ ሲካሄድ ኢንተርኔት ዝግ ነው። መስመር የሞላላቸው ሰዎች በፈቃዳቸው ይዘጉታል። ምክንያቱም ግንባታው መካከል ከውጭ አንዳች ነገር የሚያመጣ ፓኬጅ ነገ ያ ነገር ሲጠፋ ወይም ሲለወጥ ዳግመኛ አይሠራም፤ ምን እንደገባበትም ማንም አይመሰክርም። እኛን ችግር ያስተማረንን እነሱ በምርጫ ደርሰውበታል። ያን ቀን ሱቃችን ጠባብ መሆኗን ረሳሁ። በማዕቀብ ስር ያለ አንድ የኦምዱርማን ሰው ይሠራ የነበረው የሙያውን ከፍተኛ ደንብ ጠብቆ ነበር።

የፋይሉ መጨረሻ %ቼንጅሎግ ነው። የእያንዳንዱ ለውጥ ቀን፣ የሠራው ሰው ስም፣ የእትሙ ቁጥርና የተደረገው ነገር ይጻፍበታል፤ አዲሱ ሁልጊዜ ከላይ ነው። ቀኑ ሲጻፍ ዕለቱም አብሮ ይጻፋል። ሐሙስ ብለህ ቀኑ ዓርብ ላይ ከዋለ አርፒኤም «የውሸት ቀን» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሌላው ሰው ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር ያየው ይሆናል፤ እኛ ግን የምንኖርበት ሥራ ነበር። የምንተረጉማቸው ወረቀቶች በሦስት አቆጣጠር ይመጡ ነበር፦ በእኛ፣ በፈረንጅ፣ በሂጅራ። ዓመቱ ይለያል፣ ወሩ ይለያል፣ ቀኑ ይለያል። ዕለቱ ግን በሦስቱም አንድ ነው። ስለዚህ አንድን ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው ስንመልስ መጨረሻ ላይ የምንፈትሸው ዕለቱ ገጥሞ እንደሆነ ነው። ፋይሉ የሚጠይቀው ታማኝነት እኛ በየወረቀቱ የምንጠብቀው ታማኝነት ነበር።

ከእነዚያ መስመሮች አንዱ ሐሙስ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2010 ላይ የዋለ ነው፤ በፈረንጁ ኦክቶበር 12 ቀን 2017። የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ በሱዳን ላይ በይፋ የተነሳው በዚያ ዕለት ነው። መንገዱ ሁሉ ስለዚሁ ያወራ ነበር። ባሽሙሃንዲሱ ከሻይ ሻጯ ዘንድ ተመልሰው ቁጭ አሉና የዕለቱን ሥራ ጨረሱ። ቼንጅሎጉ ላይ የጻፉት «የፎልደሩ ባለቤትነት ተስተካከለ» ብቻ ነው። ሪሊሱን ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ አደረጉ። ሃያ ዓመት የጠበቁት ቀን ነበር፤ ግን መዝገቡ የፓኬጁ መዝገብ ስለሆነ ፓኬጁን ያልነካ ነገር አልገባበትም።

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቅዳሜ፣ ለእኛ ቅዳም ሹር፣ ለእነሱ የረመዳን ጾም በነበረበት ዕለት ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ፋሲካን ስልክ ስንደውል ዋልን። ብዙዎቹ አላነሱም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከፖርት ሱዳን አንድ የባሽሙሃንዲሱ መልእክት ደረሰኝ። ደኅና መሆናቸውን በአንድ መስመር ጻፉ፤ የሱቁ ማሽኖች እንደሌሉ በሁለተኛው። ሦስተኛው፦ «ያ ዞል፣ ስፔኩ አንተ ዘንድ አለ?» አለኝ። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ፣ ያውም አጭር፣ በዚያው መልእክት ላይ እንዳለ ገልብጬ ላክሁት። ፓቹንና ጥሬውን ደግሞ መስመር ባገኙ ሰዓት ለየብቻ ላክሁ።

በተዋሱት ማሽን ላይ ገነቡት። ማሽኑ ላይ ያለው እኛ ከምናውቀው በብዙ ዓመት የሚያንስ አዲስ ሥርዓት ነው፤ ፋይሉ ሲጻፍ ገና አልተወለደም። መጀመሪያ እንቢ አለ። ከሚፈልጋቸው ፓኬጆች አንዱ በአዲሱ ሥርዓት ስሙ ተለውጦ ነበር፤ ፋይሉ ግን የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ነገራቸው። አንድ ቃል ቀየሩ፣ ሠራ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ስለ ዴሟ ሱቅ፣ ስለ ስድስቱ ማሽኖች፣ ስለ እኔ ምንም የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ያለ እነሱ መቆም አልከበደውም።

በማግስቱ ፋይሉን መልሰው ላኩልኝ። መለያዎቹ እንደ ቀድሞው በአንድ አምድ ተሰልፈዋል። የተለወጠው ቃል ከሌሎቹ ጋር እኩል እንዲወርድ ከፊቱ ሁለት ባዶ ቦታ ጨምረዋል። ቼንጅሎጉ ላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ አዲስ መስመር ነበር፦ «ለአዲስ ማሽን እንደገና ተገነባ»። ዕለቱን ከቀን መቁጠሪያ ጋር አመሳከርኩት። ገጥሟል።